ከሳሙናው በፊት

ጥቅምት 4

አሰልቺ ቀን። መነጽር ቤቱ ውስጥ ብሎን ሳጠብቅ ዋልኩ። አንዷ ደንበኛ መነጽሯ ላይ ተቀምጣበት መጥታ "በራሱ ነው የተጣመመው" ትለኛለች። በራሱ! የተቀመጠችበት ልክ እኮ መነጽሩ ላይ ታትሟል። ዋጥ አድርጌ "ይሆናል እትዬ" አልኳት።

ቤት ስገባ አባዬ ቴሌቪዥኑን ለመንደሩ ሁሉ ከፍቶታል። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ ጆሮውን ሞተር በልቶታል፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የኛን ጆሮ ይበላል። የኛን ስል የኔን። እማዬ ከሞተች ሁለታችን ብቻ ነን። ሽንኩርት ሳቁላላ "ነይ! ነይ ቶሎ! እንዳያልፍሽ!" ብሎ ጮኸ። ወደቀ ብዬ ማማሰያ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ለካስ የሳሙና ማስታወቂያ ነው! ሴቶች ግንብ ሥር ነጭ አንሶላ ያጥባሉ። ልጮህበት አፌን ስከፍት ሙዚቃውን ሰማሁት... ከበሮ፣ የሚነፋ የቆዳ ከረጢት፣ ደግሞ እንደ ንብ የሚያጉረመርም የክር ነገር። አባዬ የወንበሩን ክንድ በማንኪያ እየደበደበ "ይሄ ነው ሙዚቃ!" ይላል።

ሽንኩርቱ አረረ። እንዳረረ በላነው።

ጥቅምት 5

የማስታወቂያውን ሙዚቀኞች ስልኬ ላይ አገኘኋቸው። ካባ ለብሰው የመካከለኛው ዘመን ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። አውቶቡስ ውስጥ እየሰማሁ መውረጃዬን አለፍኩት። ምን ነካኝ?

ጥቅምት 17

የካባ ለባሾቹ አድናቂዎች እሁድ እሁድ ይሰበሰባሉ፣ አንድ አናጢ ቤት ፎቅ ላይ። ዛሬ ሄድኩ። መሪያቸው ፋርማሲስት ናት። ስትናገር "ከምግብ በኋላ በቀን ሁለቴ" የምትል ነው የሚመስለው። አዲስ የመጣ ሁሉ ተነስቶ ካባ ለባሾቹን መጀመሪያ እንዴት እንዳገኛቸው መናገር አለበት። እንደ ፈተና ነው።

ከኔ በፊት አንዲት ወፍራም አስተማሪ ተነሳች። "ከሳሙናው ማስታወቂያ" አለች፣ ደስ ብሏት። የሳቁት ሳቅ! ፋርማሲስቷ "እዚህ ያለነው ከሳሙናው በፊት የመጣን ነን" አለቻት። "አንቺ የሳሙና ልጅ ነሽ።" ሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ አስቀመጧት። ወዲያው ስም ወጣላት፣ አረፋ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም አብልጬ ሳልስቅ አልቀርም።

ተራዬ ደረሰ። ጉድ ፈላ። ምን ልበል? "አባቴ የድሮ ካሴታቸው ነበረው" አልኩ። አፌ በራሱ ነው የተናገረው፣ እንደዚያች ሴትዮ መነጽር። "ከመሞቱ በፊት አብረን እንሰማው ነበር።" ዋሽንት የሚነፋው ረጅሙ ሰውዬ መሀረብ አወጣ። የፊት ወንበር ለቀቁልኝ።

አባዬን ገደልኩት ማለት ነው? ኧረ ባክሽ። ወሬ ነው፣ ወሬ ማንንም አይገድልም።

ጥቅምት 18

"ትናንት የት ጠፋሽ እሜቴ?"

"የካባ ለባሾቹ አድናቂዎች ጋ።"

"የሳሙናዋ ሙዚቃ? ታዲያ ያገኘኋቸው እኔ አይደለሁ እንዴ! እኔንም ውሰጂኝ እንጂ።"

"ፎቅ ነው። ጉልበትህ አይችልም።"

"ትደግፊኛለሻ።"

"ወጣቶች ናቸው አባዬ። ምን ልትሠራ?"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "እሺ" አለ። እሺ ሲል እንዴት እንደሚያናድድ! ቢቆጣ እኮ እቆጣው ነበር።

ጥቅምት 24

"በምን ሞተ?" አሉኝ። በሳንባ አልኩ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ... ካሴቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ እጄን ይዞ፣ የመጨረሻው ዘፈን ሲያልቅ እሱም... ረጅሙ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እውነቱን ልጻፍ? ደስ አለኝ። ይሄን ያህል ሰው ቀልቡን ሰጥቶ ሰምቶኝ አያውቅም። አረፋ ብቻ ከሽንት ቤቱ በር ሆና ታፈጥብኛለች። ምን ይገርማታል?

ደግሞ ትልቁ ወሬ፣ ካባ ለባሾቹ ለኮንሰርት ሊመጡ ነው! ከኛ መሃል አንድ ሰው ከመድረኩ ጀርባ ገብቶ እንዴት እንዳገኛቸው ይነግራቸዋል። ፋርማሲስቷ ይሄን ስትል ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ይሄን ካጣሁ ሞቼ ልገኝ።

ቤት ስገባ አባዬ ይስላል። "ብርድ ነው" አለኝ። ደነገጥኩ? የለም፣ ተናደድኩ። ለምን ዛሬ ይስላል?

ኅዳር 1

ቀልቤ የት ሄዶ ነው! ስለ አንድ ዘፈን ስንከራከር ረጅሙ "ውሸትሽን ነው" አለኝ። እኔ ደግሞ "አባቴ ይሙት!" ብዬ ማልኩ። ሰው ሁሉ ሲምልበት የሚውለው ነው፣ ማን አስቦበት ያውቃል?

"የሞተ አባት ስንቴ ይሞታል?" አለ ረጅሙ።

አለቀ፣ ወንበሬ ሽንት ቤት በር ሄደ አልኩ። ፋርማሲስቷ ተነስታ እቅፍ አደረገችኝ። "አታዩም? ገና ሞቱን አልተቀበለችውም። ለሷ አሁንም በሕይወት አለ።" አለቀስኩ። ከፍርሃት ነው። እነሱ ግን ሌላ መሰላቸው፣ አብረውኝ አለቀሱ። ረጅሙ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ከመድረኩ ጀርባ የምገባው እኔ ነኝ። ተወሰነ!

ኅዳር 3

አባዬ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ላስቲክ ወጥሮ ከበሮ ሠራ። "እኔ ባልሄድ ይቺ ትሂድ" አለኝ። አልጋዬ ሥር ወረወርኳት።

ኅዳር 8

መጻፌን እንጃ።

ዛሬ ስብሰባ የለም ብለውኝ ነበር። ዳቦ ገዝቼ ተመልሼ በሩን ስከፍት ፋርማሲስቷ ሶፋችን ላይ! ረጅሙ አጠገቧ፣ አረፋ በርጩማ ላይ። መነጽር ቤት ጠይቀው ነው ቤቱን ያገኙት። "እዚሁ ቤትሽ ልናጽናናሽ መጣን" አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! አባዬ በትሪ ውሃ ይዞ ከኩሽና ወጣ።

"አጎትሽ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው!" አለችኝ ፋርማሲስቷ።

አጎትሽ...

ቀና ብሎ አላየኝም። ብርጭቆውን አንድ በአንድ አደለ፣ አንድ ጠብታ ሳያፈስ። ረጅሙ ግድግዳው ላይ ያለውን የእማዬንና የአባዬን የሠርግ ፎቶ አይቶ "በስመ አብ! እንዴት ነው የምትመሳሰሉት?" አለ።

"መንታ ነን" አለ አባዬ።

"ነፍሳቸውን ይማር።"

"አሜን።"

"ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" አለች ፋርማሲስቷ።

"ሹፌር ነበር። ልጁን ይወድ ነበር። ሌላ ሙያ አልነበረውም።"

"ሳንባው ብዙ አሠቃያቸው?"

ያኔ ነው ያየኝ። "አጠገቡ የነበረችው እሷ ናት። እሷ ታውቃለች" አለ።

ሲወጡ አረፋ በሩ ላይ ቀስ ብላ ነገረችኝ። "የሟቹ ቤት ይሄ ነው?" ብለውት ኖሯል። "የየትኛው ሟች?" ሲል "የመነጽር ቤቷ ልጅ አባት" ብለውታል። ከዚያ "አዎ፣ ወንድሙ ነኝ፣ ግቡ" አለ።

በሩን ዘጋሁ። "አባዬ..." አልኩ።

"አባትሽማ ሞቷል። አሜን ስል ሰምተሻል" አለና ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ድምፁን ቀነሰው።

ኅዳር 11

አያኮርፍም። ቢያኮርፍ ይሻለኝ ነበር። ደህና አደርሽ ይላል፣ ሻይ ያቀርብልኛል። እሜቴ ማለት ግን ቀረ። አባዬ ስለው አይሰማም። ጆሮው ነው ብዬ ጮህኩ... አይሰማም። ቢቸግረኝ በቀልድ "አጎቴ" አልኩት።

"አቤት" አለ።

ለፋርማሲስቷ እውነቱን ልንገራት? ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ ያቺ የሽንት ቤት በር ወንበር ታየችኝ። እነግራታለሁ... ከኮንሰርቱ በኋላ።

ኅዳር 15

አገኘኋቸው! ዘፋኙ እጄን ይዞ ሰማኝ። ካሴቱን፣ ሳንባውን፣ ደረቱን... ምንም ሳያደናቅፈኝ አወራሁት። መድረክ ላይ ወጣና "የሚቀጥለው ላለፈ አንድ አባት ነው" አለ። አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ቆመ። ስንት ዘፈን እያላቸው የሳሙናውን መረጡ! ከበሮው ሲመታ እኔ የሚሰማኝ ማንኪያ ነው። ሰው ዞሮ ዞሮ እኔን ያያል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ስንወጣ አረፋ ጠበቀችኝ። "አጎትሽን ሰላም በይልኝ" አለች። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ታውቃለች። ለማንም አልተናገረችም። ያን ሁሉ የሳቅኩባት ሴት።

ቤት ስደርስ ገና አልመሸም። አባዬ ክፍሉ ገብቶ ዘግቷል። ቆርቆሮዋን ከአልጋ ሥር አወጣኋት፣ አቧራዋን ጠርጌ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩለት። ማንኪያም አመጣሁ። ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ጠበቅኩ። ዜና፣ የጎማ ማስታወቂያ፣ የአየር ሁኔታ... ከዚያ ግንቡ! ሴቶቹ! ድምፁን ለመንደሩ ሁሉ ከፈትኩት።

"አባዬ! ና! ና ቶሎ! እንዳያልፍህ!"

ሴቶቹ አንሶላውን አጠቡ። አሰጡት። ሙዚቃው አለቀ።

በሩ አልተከፈተም። ከውስጥ፣ ለእንግዳ በሚናገርበት በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ "ማንን ነው የምትጠሪው?" አለኝ።