የአቶ ክሊፈርድ ትሬጌንዛ ሕይወትና አቶ ፓስኮ ያዩት

አቶ ክሊፈርድ ትሬጌንዛ ከአባታቸው ከአቶ አርተርና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሂልዳ በአውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ የስንዴ አገር፣ በቡላርንጋ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1927 ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በዐሥራ አራት ዓመታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ገቡ። ጎንበስ ሳይሉ በር አልፈው አያውቁም ነበርና በ1945 የከተማዋ እግር ኳስ ቡድን ለኋላ መስመር መረጣቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ግን ለዋንጫ አልደረሱም፤ ጉልበታቸውም እየከዳቸው ሄደ።

በ1953 ግማሽ ፍጻሜ፣ ኳሷ ሌላው ጫፍ ሳለች የተጋጣሚው አጥቂ መርቪን ሆኪንግ መንጋጋው ተሰብሮ ወደቀ። የመሐል ዳኛው ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር። ያዩት ነጭ ካፖርት ለብሰው ጎል መግባት አለመግባቱን ለመፍረድ ጎሉ ሥር የቆሙት የጎል ዳኛ፣ የከተማችን ዳቦ ጋጋሪ አቶ ሆራስ ፓስኮ ብቻ ነበሩ፤ የአቶ ክሊፈርድን ስም ጽፈው ሰጡ። አቶ ክሊፈርድ ጥፋተኛ ከተባሉ ፍጻሜው ያመልጣቸዋል፤ ሌላ ደግሞ አያገኙም።

ማክሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። በእኛ ዘንድ የሜዳ ነገር ሜዳ ላይ ይቀራል፤ የተመታ መቺውን አይናገርም። ሆኪንግ ጥርሱ በሽቦ እንደታሰረ «አዳልጦኝ ነው፤ ማንም አልነካኝም» አለ። አቶ ክሊፈርድም ሲጠየቁ «እሱ እንዳለው ነው» ብለው ተቀመጡ። ነጻ ተባሉ። ቅዳሜ በፍጻሜው ቡድኑ በአንድ ነጥብ አሸነፈ፤ አቶ ክሊፈርድን በትከሻ ተሸክመው ከተማዋን ዞሩ።

ሁለቱ እውነተኞች ከተባሉ ሦስተኛው ውሸታም መባሉ አይቀርም። አቶ ፓስኮ ያን ነጭ ካፖርት ዳግመኛ አልለበሱም። ሱቃቸው የገባ ሁሉ «ሆራስ፣ ይሄን ዳቦ ጋግረኸዋል ወይስ የጋገርከው መስሎህ ነው?» ይላቸው ነበር። ሰው መሳቁን ሲተው መግዛቱንም ተወ። በ1955 ሱቁን ዘግተው ቤተሰባቸውን ይዘው ወጡ።

አቶ ክሊፈርድ በዚያው ዓመት ወ/ሮ ኤልቫ ፔንግሊን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ቡድኑንም ዐሥራ አንድ ዓመት አሠለጠኑ። በ1971 አቶ ፓስኮ ሲያርፉ ቀብራቸው ድረስ ነድተው ሄደው፣ ከመኪና ሳይወርዱ ተመለሱ።

በሳንባ ሕመም አልጋ ከያዙ በኋላ፣ ይህ ታሪክ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ለእኔ ለልጃቸው ለቤሪል አደራ ሰጡ። ዛሬ አስከሬናቸውን የተሸከሙት የቡድን ጓደኞቻቸው እንዲቀር ለምነውኛል። እኔም ለስማቸው ሳስብ አደራ በላ ልሆን ነበር። አባቴ ግን ገና በአልጋቸው ላይ ሳሉ ይህ ገብቷቸው ኖሮ ተቆጡኝ፦ «በቁሜ ፈርቼ ዝም አልኩ። ስሞት ደግሞ አንቺ ልትዋሺልኝ ነው?»

ጁላይ 9 ቀን 1994 በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል።

ጥሪያችንን አክብረው የመጡት የአቶ ፓስኮ ልጅ፣ ወ/ሮ ኖራ፣ ይህን በሁላችን ፊት ይስሙ፦ አባትዎ አልዋሹም። መርቪን ሆኪንግን የመቱት ክሊፈርድ ትሬጌንዛ ናቸው።

እግዚአብሔር የአቶ ሆራስ ፓስኮን ነፍስ በገነት ያኑር፤ የአባታችንን ይማር።