የእኩል በቅሎ

ቡሬ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት

ለተወደድኸው ልጄ ለይርሳው
ገዳሪፍ፣ ሱዳን

ልጄ ሆይ፣ የአባትህ ሰላምታ ከዚህ ከደጋው ቁር እስከዚያ እስከ ስደትህ በረሃ ሐሩር ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የቆላ ንዳድ ለቀቀህ? እኔ ጉልበቴ ከመድከሙና ዓይኔ ከመፍዘዙ በቀር፣ ስሙ ይመስገን፣ አለሁ። ማኅሌት እቆማለሁ፤ ለቀሩኝ ጥቂት ተማሪዎችም ቅኔ እነግራለሁ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ነጋዴ የታመነ ሰው ነውና ሳልሸፍን እጽፍልሃለሁ።

አስቀድሜ የሚከፋህን ልንገርህ። ዳማዋ በቅሎህ የለችም። በኅዳር ሚስትህ ታንጉት ከደምበጫ ገበያ ጨው ጭና ስትመለስ፣ ድልድዩ ላይ ጣሊያን ኬላ ስለጣለ በመልካው ልትሻገር ወንዙ ውስጥ ገባች። ዳማዋን ድንጋይ አዳለጣትና ወደቀች፤ የፊት እግሯ ተሰበረ። ጨዉም ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ቀረ። ታንጉት በቅሎዋ እስክትሞት ድረስ አንገቷን አቅፋ ውሃው ዳር ተቀመጠች። ከዚያ ኮርቻውን ራሷ ተሸክማ መጣች። በር ላይ ስታየኝ «አባቴ፣ አደራውን አልጠበቅሁለትም» አለችኝ።

በሬዎቻችንን ጣሊያን እንደነዳቸው ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ይህን ቤት ያቆየው እርሻ አይደለም፣ የዚያች በቅሎ ጀርባ ነው። እህል ወደ ደምበጫ ትወስዳለች፣ ጨው ወደ ቡሬ ትመልሳለች፤ እኔና እሷ ከዚያ እንጎርሳለን። ስለዚህ ሌላ በቅሎ መግዛት ግድ ሆነ። እኔ የብራና ዳዊቴን ልሽጠው ብዬ ከማኅደሩ አወጣሁት። ታንጉት ተቀብላ፣ ተሳልማ፣ መልሳ ሰቀለችው። «ዳዊት የወጣበት ቤት በቅሎ ገባችለት አይባልም» አለችኝ።

ታኅሣሥ ሲገባ ገበያ አብረን ወጣን። ለጣሊያን ምሽግ ስንቅ የሚያቀርብ አንድ ነጋዴ አንዲት ቀይ በቅሎ ይዞ ቆሟል። ደረቷ የሰፋ፣ ኮቴዋ የጠነከረ፣ ገና ልጅ ናት። ታንጉት ስታያት ፊቷ ሲበራ አየሁ። ሰውየውም አይቷል።

«ዛሬ አንድ ብር አትከፍይም፣ ውሰጃት» አላት። «በየሳምንቱ ለምሽጉ ስንቅ ትጭኚልኛለሽ። ኪራዩ ከዋጋዋ እየታሰበ፣ ዓመት ሳይሞላ ያንቺ ትሆናለች።»

ልጄ፣ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሆዴ ባዶ ነበርና እኔ ብሆን ልጓሙን የምቀበል ይመስለኛል። እሷ የበቅሎዋን አንገት ደባበሰች፤ ከዚያ ልጓሙን በእጁ መለሰችለት።

«በቅሎዋስ መልካም ናት» አለችው። «ነገር ግን በዱቤ የተገዛች በቅሎ መንገዷን የሚመርጥላት ባለገንዘቡ ነው።»

«የራበው ሆድ ደግሞ መንገድ ይመርጣል?» አላት እየሳቀ።

«ይመርጣል እንጂ፣ ጌታዬ» አለችው ዝግ ብላ። የምሽጉ ስንቅ በማን ላይ ለሚዘምት ሠራዊት እንደሆነ አላነሣችም፤ እሱም አልጠየቀም። ጫካ ያሉት አርበኛ ወንድሞችህ ግን ያንን ቃል ሰምተውታል፤ አገሩ ሁሉ ሰምቶታል።

ከገበያ እንደተመለስን ወይዘሮ አልጣሽ ዘንድ ሄደች። ታውቃቸዋለህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉት። ባላቸው በጣሊያን ጥይት ከሞቱ ወዲህ ከደጃቸው አይወጡም። ጠገራ ብራቸውን ጠላት ሲገባ ቀብረውታል ይባላል። እኔ አማላጅ ልሁናት ብዬ ተከተልኋት፤ መናገር ግን አላስፈለገኝም።

የበቅሎ መግዣ ብር ብትጠይቃቸው፣ «የጣሊያኑ ሊሬ ከሆነ አላጣም» አሏት። «ጠገራ ከየት አመጣለሁ?»

«ሊሬ የሚቀበል በቅሎ ሻጭ የለም፣ እመቤቴ።»

«ቢኖረኝስ በምን አምኜሽ አበድርሻለሁ?»

«ብድር አልፈልግም። የእኩል እናድርጋት። ግማሽዋ የርስዎ፣ ግማሽዋ የኔ። ጭዱና ጉልበቱ ከኔ፤ ትርፉን እንካፈላለን። ብትሞት ደግሞ አብረን እናለቅሳለን።»

ወይዘሮ አልጣሽ ሳቁ። ከባላቸው ቀብር ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «እንግዲያው ግማሼን ሳላይ አልገዛም» አሉና፣ በቀጣዩ ገበያ ነጠላቸውን አጣፍተው ከደጃቸው ወጡ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ እጅ ነሣቸው።

የታንጉት ግማሽ ከየት መጣ ትለኝ ይሆናል። የእግር አልቦዋን ሸጠች። ያን የእናትህን የብር አልቦ፣ በሠርጋችሁ ቀን ያጠለቅሁላትን። እንዳልነግርህ ለምናኝ ነበር፤ ልትሰማው የሚገባህ መስሎኝ ግን ነገርሁህ።

በቅሎዋን ያገኘናት ከሽንዲ ከመጣ ዘሩ ከሚባል ገበሬ ነው። ግራጫ ናት፤ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ መልኳም የማያምር። ሰውየው ሳንጠይቀው ኮርቻዋን አንሥቶ ጀርባዋን አሳየን። «ይህ የገጣባ ጠባሳ ነው፤ የኔ ስንፍና ነው፣ ድኗል። ጥርሷን እዩት፣ ልጅ አይደለችም። ውሃ ግን አትፈራም» አለ።

ታንጉት ይህን ስትሰማ ቀና አለች። «ላያት?» አለችው። ከገበያው በታች ወዳለው ወንዝ ወረድን። የእህል ጆንያ ጭና፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እሷ ከፊት በቅሎዋ ከኋላ ገቡ። ወይዘሮ አልጣሽ ከዳር ሆነው «አደራ፣ ግማሼን እንዳታሰጥሚብኝ» ይላሉ። ግራጫዋ ድንጋዩን በኮቴዋ እየዳሰሰች፣ ሳትቸኩል ተሻገረች። ታንጉት ወዲያ ማዶ ቆማ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ ስትመለስም ውሃ ረጭቷት እንደሆነ ነገረችኝ። እንደዚያው ይሁን። ዘሩ ጠገራውን ተቀብሎ፣ የበቅሎዋን ግንባር ስሞ፣ ወደ ኋላ ሳያይ ሄደ።

አሁን የምነግርህ ደግሞ ጥምቀት ሊገባ ሲል የሆነ ነው። ከምሽጉ አንድ አስተርጓሚ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ። ለዘመቻ በቅሎ ይሰበሰባል አለ። ታንጉት ደጅ ላይ ጤፍ ስትሰፍር ነበር፤ ቁናውን ሳታስቀምጥ ተነሣች።

«በቅሎዋ የእኩል ናት» አለችው። «የኔን ግማሽ ብሰጥህ የወይዘሮ አልጣሽን ለመስጠት ሥልጣን የለኝም።»

ወደ ወይዘሮ አልጣሽ ሄዱ። እሳቸው ደግሞ ታምሜያለሁ ብለው ተኝተው «እኔ ያወጣሁት ብር ነው፤ በቅሎዋ ያለችው በእጇ ነው፤ ብትሰጥ እሷ ትስጥ» አሏቸው። ተመልሰው መጡ። ታንጉት የፊተኛውን ቃል ደገመችላቸው። አስተርጓሚው ተናደደና ወታደሩን ፍታት አለው። ያን ጊዜ ታንጉት በበቅሎዋና በወታደሩ መካከል ገብታ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልለመነችም። «የባልቴት ንብረት ነው። ወስጄዋለሁ ብለህ በመንደሩ ፊት ተናገርና ውሰድ» አለችው ለአስተርጓሚው። ሰውየው የጎጃም ልጅ ነው። ዙሪያውን ቢያይ ጎረቤቱ ሁሉ በየአጥሩ ቆሟል። የተሰፈረውን ጤፍ ለወታደሮቹ አሸክሞ ሄደ። በቅሎዋ ቀረች።

እነሱ ከዓይን እንደራቁ ታንጉት መሬት ላይ ተቀመጠች። ቁናውን ከእጇ ወሰድሁላት። በማግሥቱ በቅሎዋን ወደ ዘሩ ዘንድ አሸሸቻት፤ ሠራዊቱ ካለፈ በኋላ አመጣቻት። እስካሁን ሁለት ጊዜ ደምበጫ ደርሳ ተመልሳለች። ወይዘሮ አልጣሽም የግማሻቸውን ጤንነት ለማየት እያሉ በየጊዜው ብቅ ይላሉ።

ልጄ፣ እኔ ብዙ ሊቃውንት አይቻለሁ፤ የጀግና ቅኔም በዘመኔ ዘርፌአለሁ። ለዚህች ልጅ ግን ቤት የሚመታ ቃል አላገኘሁላትም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ጻፍሁልህ።

ከአምና ክረምት ወዲህ ካንተ ቃል አልመጣልንም። ከዚያ የሚመለሱ ነጋዴዎች ስለ አንተ ኑሮ፣ ሌላ ጎጆ ስለ መቀለስህም አንዳንድ ነገር ያወራሉ። በቤቴ እንዲያወሩት አልፈቀድሁም። እሷም ገበያ ትውላለችና ሰምታ ይሆናል፤ ጠይቃኝ አታውቅም።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ የጭነት ጠፍር ታለፋለች። «ከአንቺ ምን ልበልለት?» አልኋት። ጠፍሩን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«ከገዳሪፍ እስከዚህ ለበቅሎ ስንት ቀን ነው ብላለች በሉት» አለችኝ።

እኔም አልጨመርሁበት። መልሱን ግን በእኔ ስም ሳይሆን በእሷ ስም ጻፈው፤ እኔ አነብላታለሁ።

የአባቶችህ አምላክ በሄድህበት ይቅደምህ፣ በተኛህበት ይክበብህ። ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ። አገራችንን ለባለቤቶቿ፣ አንተንም ለደጅህ ያብቃ።

አባትህ
መሪጌታ ክንፈሚካኤል