በባትሪ ብቻ እስከ የት እንደርሳለን?

ለክቡር አቶ መሳፍንት
የእናቶች ማመላለሻ መኪና ስምሪት ኃላፊ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ ይልቁንም በስብሰባ ብዛት የሚደክመውን ጉሮሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልን። እኔ የላይ ባህታዋ የሻረግ ነኝ። አያውቁኝም፤ አዲስ ቅዳም ገበያ ጨውና በርበሬ የምሸጥ፣ ፊደልም ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምሁ ሴት ነኝ። ሰው በተሰበሰበበት ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ግን ፍርሃቴ ከዓይን አፋርነቴ ስለበለጠብኝ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ጽፌ፣ ግልባጩን አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው በግቢዎ አጥር ላይ እለጥፈዋለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ይገባዎታል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ከመንገላታት እንድትድን መኪና አምጥተውልናል። መኪናዋ ሃይብሪድ የምትባል፣ በሁለት ነገር የምትሄድ ናት፤ በኤሌክትሪክ የሚሞላ ባትሪ አላት፣ እሱ ሲደክም ደግሞ ቤንዚኑ ይቀበለዋል። ጥንድ በሬ እንደ ተጠመደላት ቆጥረን ደስ አለን። ደስታችን ሳይውል ሳያድር፣ ቤንዚን ስለጠፋ ከእንግዲህ በባትሪ ብቻ እንደምትሠራ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነገረን። ከጥንዱ አንዱን ፈትተው በቀረው እንድናርስ ማዘዝዎ መሆኑ ነው። ስለ ቁጠባዎ እናመሰግናለን።

በእኛ ሰፈር ባትሪ ማለት በእጅ የሚያዘው መብራት መሆኑን ክቡርነትዎ አይዘነጉትም። የጎረቤቴ የውቢት አማት ከአገውኛ በቀር እምብዛም የማይሰሙ አሮጊት ናቸው። ማስታወቂያው ሲተረጎምላቸው የገባቸው እንደዚያ ነው። ውቢትን ምጥ የያዛት ቀን፣ መኪናዋ ደጃችን ስትደርስ፣ ባትሪያቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ለሹፌሩ ለአስማረ ሰጡትና በአገውኛ «ልጄ፣ የአንተው ካነሰ ይቺንም ጨምርበት፤ ድንጋዩ አዲስ ነው» አሉት። አስማረ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን፣ ውቢትም በምጧ መሃል ፈገግ አለች።

ቅሬታዬን፣ ጊዜዎን እንዳላባክን፣ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. መኪናዋ በባትሪ ብቻ ሰባ ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ በግቢዎ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ከላይ ባህታ እንጅባራ የዚያን ግማሽ ስለማይሞላ፣ መጥታም ወስዳም ይተርፋታል ተባለ። እኔም አምኜ ከውቢት ጎን ተቀመጥሁ። መኪናዋ ስትነሳ ድምፅ የላትም፤ ከሹፌሩ ፊት ያለው ቁጥር ሲቀንስ ብቻ ነው መሄዷ የሚታወቀው። ሜዳው ላይ ቀስ እያለ ቀነሰ። ዳገቱ ሲጀምር፣ ዝናቡ ሲወርድና ጭቃው ጎማውን ሲይዘው ግን ቁጥሩ እንደ ተቀደደ ስልቻ ፈሰሰ። አስማረ መጀመሪያ ማሞቂያውን አጠፋ፣ ቀጥሎ ቁጥሩን በመዳፉ ከለለብን። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። አዲስ ቅዳም ሳንደርስ፣ ጉም በተኛበት ዳገት ወገብ ላይ፣ መኪናዋ እንደ አነሳሷ ያለ ድምፅ ቆመች። ቤንዚኑ እንዳይቀበላት ቋቱ ደረቅ ነበር።

አስማረ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ጉብታው ሊሮጥ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «እትዬ የሻረግ፣ ያናግሯት፤ ዝም እንዳትል» አለኝ። እኔ ንግግር የማላውቅ ሴት፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ መጣልኝ ሁሉ አወራሁ። እጇ በእጄ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነበር። እኔ ሳወራ ትመልስልኝ የነበረችው፣ ኋላ ላይ በዓይኗ ብቻ ትሰማኝ ጀመር። እግዚአብሔር ከሰል የጫነ ጋሪ አመጣልን። ባለ ጋሪው ምስጋናው ይባላል፤ ግማሹን ጆንያ ጭቃው ላይ አራግፎ ውቢትን በቀረው ላይ አስተኛት። አዲስ ቅዳም መግቢያ ላይ እዚያው ጋሪው ላይ ወለደች። ሁለቱም ተርፈዋል። የአዲስ ቅዳም ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሕፃኑን ስታየው ጥቁረቱ የከሰል መሆኑን ሳታውቅ ደንግጣ ነበር። አጥባ ስታየው ነው ልጁ ደህና መሆኑ የታወቀው።

፪ኛ. ሰባው ከየት እንደ ተገኘ ጠየቅሁ። የሰማሁት ይህ ነው፤ መኪናዋን እርስዎ ከእንግዶች ጋር ሆነው ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ነድተው ሞከሯት፤ ዳንግላ ስትደርስ ባትሪው ግማሹ ስላላለቀ፣ ርቀቱ በእጥፍ ተቆጥሮ በሰሌዳው ላይ ዋለ። ክቡር ሆይ፣ ከእንጅባራ ዳንግላ ቁልቁለት ነው። ይህን የዳንግላ የጋሪ ፈረስ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲመለስ የሚያልበው እሱ ነውና። መኪናዋ ቁልቁል ስትወርድ ባትሪዋን መልሳ እንደምትሞላም አስማረ ነግሮኛል። ታዲያ ምጥ የያዘን ሁሉ ወደ ታች የምንሄድ ብንሆን እንዴት ባማረብን! ሆስፒታሉ ከላይ፣ እንጅባራ፣ ሆነ እንጂ። መኪናዋ የዚያን ዕለት ከዳንግላ እንዴት እንደ ተመለሰች የሚናገር ሰው አላገኘሁም፤ በጭነት መኪና ተጭና ስትወጣ አየን የሚሉትን ግን እርስዎን አክብሬ አላመንኋቸውም።

፫ኛ. ባለፈው ስብሰባ ላይ፣ ከላይ ባህታ የተነሳች እናት ያለ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ለጤና ተቋም እንደ በቃች በድምፅ ማጉያ ተናግረዋል። ፍጹም እውነት ነው። የምስጋናው ፈረስ ቤንዚን አይጠጣም። እርስዎ ወደ ስብሰባ የሚሄዱበት ትልቁ መኪና ናፍጣ አጥቶ ሲቆም አለማየታችንም የእርስዎን ብርታት ያሳያል።

የቀረውን ቁጥር አልሰጠውም፤ ቅሬታም አይደለም። ፋና የምትባል ልጅ አለችኝ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ሐኪሞቹ ያን ጊዜ፣ ሁለተኛውን ልጅ ቤት ውስጥ እንዳታምጥ፣ ምጡ ሲጀምር ሳትዘገይ ሆስፒታል እንድትደርስ፣ አለዚያ የተሰፋው ሊተረተር እንደሚችል አስጠንቅቀዋታል። አሁን ወሯ ገብቷል። በጤና ጣቢያችን ያለው የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ጣራው በነፋስ ከተወሰደ ወዲህ ተዘግቷል። ጋሪ አያስፈራኝም ነበር፤ የጋሪ መንገጫገጭ ሆዷ ላይ ያለውን ስፌት ምን እንደሚያደርገው ሳስብ ግን ምስጋናውን ልጠራው አልደፈርሁም። እሷ ፍርሃቷን አትናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልብስ ስናሰጣ፣ ፊቷን ሳታዞር «እማ፣ ዳገቱ ላይ ብትቆምስ?» አለችኝ። አትቆምም አልኋት። ሰሌዳዎን ጠቅሼ፣ ሰባ ይላል፣ አልኋት። ማስጣቷን ቀጠለች።

ስለዚህ እኔው አሰብሁበት። መኪናዋ የምታድረው በእርስዎ ግቢ ነው። ከግቢዎ በር እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ይህን ያህል እንኳ በባትሪ ብቻ ትሄዳለች ብዬ አምኛለሁ። ምጡ ሳይጀምር ሆስፒታሉ አያስተኛምና፣ ከትናንት ጀምሮ ፋናና እኔ ከገበያተኛ መኪና ወርደን፣ ጋቢያችንን ይዘን በቢሮዎ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ዘበኛው መልካም ሰው ነው፤ ዓይቶ እንዳላየ ሆነልን። ልጄ ትውለድ እንጂ ሰሌዳው ሰባ ቢል ሰባት መቶ አልከራከርም። ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ግን፣ ያን ቁጥር በዳገት፣ በዝናብና በሙሉ ጭነት አስሞክረው ይጻፉላቸው፤ ከቋቱም ውስጥ ዳገቱን የምታወጣ ቤንዚን ትኑርላቸው።

መንገድዎን ሁሉ ቁልቁለት ያድርግልዎ፤ ከእግርዎ ሥር፣ ማለትም ከበረንዳዎ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

የሻረግ ደርበው
ከላይ ባህታ

ተጨማሪ፦ ግልባጩን ልለጥፍ ስነሳ መብራት ሄደ። የመኪናዋ ባትሪ ገና መሞላት መጀመሩ ነበር ብሎኛል አስማረ። ፋና ወገቧን ይዛ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ምንም አይደለም ትለኛለች፣ ከንፈሯ ግን ነጥቷል። ዛሬ ወደ ስብሰባ በእንግዶች መኪና ስለሄዱ፣ ትልቁ መኪናዎ እዚሁ ፊታችን ቆሟል፤ ናፍጣም ሞልቶታል። ቁልፉ የት እንዳለ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ ስብሰባ ላይ፣ በእርስዎ ኪስ ውስጥ ነው አለኝ።