አናቱ የቀዘቀዘ በቆሎ

ኅዳር 18፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ረጅሙን ፌሮ ከክምሩ ነቀልሁ። ጉንጬ ላይ ለጠፍሁት። ለብ ብሏል፤ ደህና ነው። መልሼ ሰካሁት። ደብተሬ፣ ሥራዬ ይኸው ነው፤ የበቆሎ ትኩሳት መለካት። ያለ ጋውን ነርስ ሆኛለሁ።

ያልታሰበ ዝናብ የአያ ደመላሽን በቆሎ አራሰው። የእናቴ ወንድም ናቸው። ከተፈለፈለ በኋላ የረጠበ የሰባት ሰው የዓመት ቀለብ! ሦስት ግድግዳ ባለው የብሎኬት ቤት ሞልተን ክፍቱን ፊት በሳንቃ እስከ ደረቴ አገድነው። ደመናው ስላልለቀቀ ማስጣት የለም። እስኪደርቅ ንቅንቅ እንዳልል ተብያለሁ። ብልስ የት? ወደ ቤቴ፣ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ዝግ ነው።

ከብየዳ ቤት የተዋስነው ነፋፊ ከሥር በተቀበረ ቱቦ ይነፋል። አየሩ በፍሬው መሀል እየተሹለከለከ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። ኮንቬክሽን ይባላል፤ 8ኛ ክፍል ተምሬዋለሁ። ሙቅ አየር ወደ ላይ፣ ቀዝቃዛ ወደ ታች። እኔ እዚያው 8ኛ ላይ።

ኅዳር 20፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ወበቅ። ቆርቆሮው ሥር ልቀልጥ ነው። ቱቦውን መዝዤ ክምሩ አናት ላይ አጋደምሁት። ነፋሱ በቆሎውን መትቶ ፊቴ ላይ ይመለሳል። እሰይ! ሐይቁ ዳር የተቀመጥሁ መሰለኝ።

አያ መጥተው አናቱን በእጃቸው ዳሰሱ። በረዶ! ዛሬስ ሰው ሆንህ አሉኝ። በርዶታል፣ ጋቢዎን ያልብሱት አልኋቸው። ሳቁ። ቱቦውን ልብ አላሉትም።

ኅዳር 22፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ፌሮው ጉንጬን ፈጀው! ላብ ላብ ብሎታል፤ ጠላ ጠላ ይሸታል። አናቱን ነካሁ፤ ቀዝቃዛ። ለካ ነፋሱ የሚያበርደው ቆዳውን ብቻ ነው። ፍሬው ጥቅጥቅ ብሏል፤ ነፋሱ ወደ ውስጥ ከመግባት ወደኔ መመለስ ይቀለዋል።

ቱቦውን ወደ ሥር ልመልስ ታገልሁ። እምቢ። ሳንቃው ተነቅሎ ክምሩ ካልተገለበጠ አይሆንም። የአንድ ሰው ሥራ አይደለም።

7 ሰዓት

መንገድ ተከፈተ! ይበልጣል ደወለ፤ የአይሱዙ ረዳቱ ጓደኛዬ። ነገ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ እዚህ በቡሬ ያልፋሉ። «ጋቢና ቦታ ይዤልሃለሁ፣ አንተ ወሬኛ። ትመጣለህ ወይስ በቆሎ አገባህ?» እሺ አልሁት፤ ሳይጨርስ።

9 ሰዓት

አያ እንደገና አናቱን ዳስሰው ሄዱ። ለሚስታቸው «ይኼ ልጅ አዳነልን» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። የምቀልደው አጣሁ።

ነገ ብሄድ ማንም አይጠረጥረኝም። ጥፋቱ የዝናቡ ይሆናል። መሀሉ ግን ይሻግታል። ብናገር፣ ክምሩን ስገለብጥ፣ ፀሐይ ጠብቄ ሳሰጣ፣ ስሰበስብ ገና እዚሁ ነኝ።

10 ሰዓት

ለይበልጣል ደወልሁ፤ ቦታውን ለሌላ ስጠው አልሁት። አላመነኝም። ሁለቴ ነገርሁት።

አያን አስጠርቻለሁ። የምላቸውን እዚህ ልለማመድ። አያ፣ ቱቦውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለሞቀኝ ነው። ውስጡ እየነደደ ነው፤ ጎረቤት ይጥሩልኝ። ሊስቁ ነው። አይሳቁ አያ፣ የዛሬው ቀልድ አይደለም። ይኸው መጡ።