ሳል የማይሰማበት ክፍል

አቃቂ፣ ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን 1994 ዓ.ም.

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን የጥጥ ብናኝ የሚበዛበትን ክፍል ሠራተኞች ስለ ሳል ጠይቄ ዛሬ ጨረስኩ። የሚያስለው ጥቂት ነው። ነባሮቹ እንዲያውም ከአዲሶቹ ይልቅ ጤነኞች ናቸው። ሰውነት ብናኙን ይለምደዋል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እህቴ ሰኞ እዚያው ክፍል ሥራ ትጀምራለች።

ከምሠራበት የፋብሪካው ክሊኒክ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ ጋሽ ታደሰን በራቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። እዚያው ክፍል ሲሠሩ ኖረው አምና በሕመም የወጡ ናቸው። ሳላቸው ጋብ እስኪል ጠበቅኋቸው።

"ሲስተር፣ ስትጠይቂ ሰነበትሽ አሉ። ምን አገኘሽ?"

"ነባሮቹ ደህና ናቸው፣ ጋሼ።"

"እነማን ናቸው?"

ስማቸውን ጠራሁላቸው።

"እነሱ ብቻ ናቸው የቀሩት? እኛ ስንቀጠር እኮ ክፍሉ ጢም ያለ ነበር" አሉ።

የሌሎቹን ነገር አውቃለሁ። አንዱ አልጋ ይዟል፤ አንዱ ታሞ አገሩ ገብቷል፤ አንዱን ክረምት ላይ ቀብረነዋል። ለካ የጠየቅኩት ቆሞ መሥራት የቻለውን ብቻ ነው። የታመመው አስቀድሞ ከበሩ ወጥቷል። ይህ እንዴት አልታየኝም?

ቤት ስገባ እህቴ አዲሱን ቱታዋን ለክታ ጠበቀችኝ።

"ያምርብኛል?" አለችኝ።

"ያምርብሻል" አልኳት። ሰኞ እዚያ ክፍል አትግቢ ለማለት ግን አልደፈርኩም።