ባንኮኒው ፊት የሚነበብ ቃል

ለውድ ወንድሜ ለጋርኔት፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? የዳርዊን ከተማ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? ማርከስስ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ዓይኗ ቢደክም ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ ጋዜጣዬን በአጉሊ መነጽር እያነበበች የፊደል ግድፈት ትለቅምልኛለች።

ለእማዬ ሰማንያኛ ልደት ከባለቤቴ ከማርከስ ጋር ብመጣ ከተማችን ፔንደሪክ እንዴት ትቀበለናለች ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱን ልጽፍልህ ስል አንድ ነገር ገጠመኝ፤ እሱን ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ዳቦ ቤቱን የገዙት ዴክላንና ሮሃን እንደ እናንተ የተጋቡ ወንዶች ናቸው። ለዓመታዊው የገበሬዎች ትርኢት ሰልፍ የዳቦ መኪናቸውን በቀስተ ደመና ቀለም አስጊጠው ሊወጡ እንደሆነ በግ አርቢው አቶል ሰማና ለጋዜጣው ደብዳቤ ጽፎ ቢሮዬ መጣ። አንተ የማታውቀው፣ አባዬ ያወጣው ደንብ አለን፤ ደብዳቤ ያመጣ ሰው ስሙን ይፈርማል፣ ከዚያም ባንኮኒው ፊት ቆሞ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ያነብባል። አንብቦ ያልጨረሰውን አናትምለትም።

አቶል መነጽሩን አድርጎ ሊጀምር ሲል ዴክላን የሥራ ማስታወቂያ ሊያወጣ ገባና ከኋላው ቆመ። አቶል ዞር ብሎ አየውና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ቀጥል ጋሼ፤ ምድጃ ውስጥ ዳቦ ትቼ ነው የመጣሁት" አለው ዴክላን።

ቀጠለ። የሁለት ወንዶች ጋብቻ በእሱ እምነት ኃጢአት መሆኑን፣ ሰልፉም የገበሬው መሆኑን ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ አነበበ። መጨረሻው ላይ ግን ድልድዩ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ በር ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሄደን እናስወጣቸው የሚል ነበረበት። "አረንጓዴ በር" ብሎ ቆመ። አምና ክረምት በዚያ በእነ ዴክላን ቤት መስኮት ድንጋይ መግባቱን የማያውቅ የለም።

"ምነው ጋሼ፣ ጽሕፈትህ ጠፋብህ? ላንብብልህ?" አለው ዴክላን።

"አንተ ዝም በል። መነጽሬ ነው።"

እምነትህን አትማለሁ፣ ሰው ወደ ቤታቸው እንዲሄድ የምትጠራበትን ግን አላትምም አልኩት።

"ታዲያ የመናገር ነፃነት የምትሉት የት ገባ?"

"እስከ በራቸው ድረስ አለ" አልኩት።

ያልጠበቅኩት ግን ዴክላን ያለውን ነው። "የቀረውን አውጪለት ሊዮኒ። ከኋላዬ ከሚያንሾካሹክ፣ መልስ የምሰጥበት ቦታ ቢናገር ይሻለኛል። በሬን ብቻ ይተውልኝ" አለ። አቶል እርሳሴን ተቀብሎ መስመሩን በራሱ እጅ ሰረዘ። "ሌላ አንዲት ቃል ብትነኪ ግን ወዮልሽ!" ብሎኝ ወጣ።

አልነካሁም። ደብዳቤው ሐሙስ ወጣ፣ የዴክላን መልስም ከሥሩ። አቶል ሐሳቡን አልቀየረም፤ አሁን ዳቦ የምትገዛው ሚስቱ ናት፣ ዳቦው ግን ያው የዴክላን ነው። ቅዳሜ መኪናው ከአቶል አውራ በጎች ፊት ለፊት ተሰልፎ አለፈ። ያጉረመረመ ነበር፣ ያጨበጨበም ነበር፣ ድንጋይ ያነሳ ግን አልነበረም።

አባዬ ያን ደንብ መቼ እንዳወጣው ልንገርህ። ያ ስም የሌለው ደብዳቤ ስላንተ በጋዜጣችን ወጥቶ ከተማውን ለቀህ በሄድክ በሳምንቱ ነው። እስኪሞት ድረስ ስለ ጉዳዩ አልተናገረም፤ ደንቡን የጻፈበት ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ አለ።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ክፉ የሚናገር አይኖርም ብዬ አልምልልህም። የሚናገረው ግን ስሙን ጽፎ፣ ፊትህ ቆሞ ነው፤ በራችሁም ጋ አይደርስም። ስለዚህ ኑ።

ማርከስን በጣም አድርገህ ሳምልኝ። አሮጊቷን ውሻችሁንም ከጆሮዋ ሥር እከክልኝ። ባሌ ክላይቭ ሰላም ብሎሃል፤ አልጋ እየጠገነላችሁ ነው። እማዬ ደግሞ ኬኩን ዴክላን እንዲጋግር አዝዣለሁ፣ ሳትመጣ ቀርተህ እንዳታዋርደኝ ብላሃለች።

እህትህ ሊዮኒ
ፔንደሪክ፣ ታስማኒያ
ኦክቶበር 21 ቀን 2019