ትርፍ ያልተተወለት ቀሚስ

ጥቅምት 4

ሥራ ቀዝቀዝ ያለ ነበር ዛሬ። ሱሪ አሳጠርኩ፣ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ መስታወቱ ፊት ቆሜ የራሴን ልክ ወሰድኩ። ወገቤ ላይ ሜትሩን ጠበቅ አድርጌ ልሸውደው ሞከርኩ... ሜትር ይሸወዳል እንዴ? የደንበኛ ቢሆን ወዲያው እጽፈው ነበር። የራሴን ሳልጽፈው ቀረሁ።

ታናሼ የሠርጓን ቀን ቆርጣለች፤ ጥር መጨረሻ። "እትዬ፣ ከጎኔ የምትቆሚው አንቺ ነሽ" አለችኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን ሊቆም ነው? እንዴት ደስ እንዳለኝ! የሠርጉን አዳራሽ ደረጃ እስካይ ድረስ።

ወጥቼ ስጨርስ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። አዳራሹን የሚያሳየን ሰውዬ ወንበር ይምጣላት አለ። የአስም ፓፌን ከቦርሳዬ ሥር ስፈልግ፣ አፌን ከፍቼ ስስብ፣ ታናሼ ፊቷ አመድ መሰለ። በሠርጓ ቀን ያንን ፊት እንድታሳየኝ አልፈልግም። ክብደቴን መቀነስ አለብኝ። በቃ።

ጥቅምት 6

ለሠርጉ የምለብሰውን ቀሚስ ቆረጥኩት። ለደንበኛ ሁልጊዜ በየጎኑ ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ፤ ሰው ይወፍራል፣ ይወልዳል፣ ስፌቱ ተለቆ ይሰፋለታል። ለራሴ አልተውኩም። ልሆን ባሰብኩት ልክ ነው የቆረጥኩት። መመለሻ ከሌለኝ እበረታለሁ ብዬ።

አብሮኝ የሚሠራው ኮት ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና አለ። "የማን ነው ይሄ?"

የኔ አልኩት። ከላይ እስከ ታች አይቶኝ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ቢናገረኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 15

ጂም ገባሁ። አሰልጣኙ ደረቱ በር የሚያህል ጎረምሳ ነው። መሮጫው ላይ አውጥቶ "በርቺ እናቴ!" ይለኛል። በየት በኩል ነው እናቱ የምሆነው? አስም አለብኝ ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው... አስም አእምሮ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ሳንባ ውስጥ ይመስለኝ ነበር።

ሙዚቃው ጆሮ ይበሳል፣ የወለል ማጽጃው ሽታ አፍንጫ ይቆርጣል። ወዲያው ደረቴ ማፏጨት ጀመረ። ፓፌን ሳወጣ ሰው ሁሉ ማሽኑን አቁሞ አፈጠጠብኝ። ወጥቼ ሄድኩ። ሁለተኛ እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም።

ጥቅምት 16

ሚዛን ላይ ወጣሁ። ንቅንቅ አላለም።

ጥቅምት 27

ጉዴን ደረስኩበት። አምና አስሙ ብሶብኝ ሆስፒታል ስተኛ የሰጡኝ ክኒን ስቴሮይድ ነው። ፊቴ ያበጠው፣ ሆዴ አልጠግብ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ ደግሞ እንዳይነሳብኝ በየቀኑ የምስበውን የቡናማ ፓፍ ወረቀት ሳነብ... ስቴሮይድ! በገዛ እጄ ስወፍር ከርሜያለሁ ማለት ነው?

መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ሰማያዊው ይበቃኛል፤ ሲያፍነኝ የሚደርስልኝ እሱ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 9

ቀለል ያለኝ ይመስለኛል። ወይስ ስለፈለግኩ ነው? ቀሚሱን ሞከርኩት፣ ዚፑ መሀል መንገድ ላይ ቀረ።

ሰማያዊውን እየደጋገምኩት ነው። ብርዱ ነው፣ የጨርቁ ብናኝ ነው... ምክንያት መቼ አጥቼ።

ኅዳር 23

ተኝቼ ነው የምጽፈው።

ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ዳገቱን በሩጫ ልወጣ ብዬ ተነሳሁ። በዚያ ብርድ! ሱቁ በር ላይ ስደርስ አየር የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ። ሰማያዊውን ሳብኩ፣ ደገምኩ፣ ምንም። መናገር አቃተኝ፤ በጣቴ ወደ መንገዱ ብቻ አሳየሁ። ኮት ሰፊው መቀሱን ጥሎ፣ ታክሲ አስቁሞ፣ ደግፎ ሆስፒታል ወሰደኝ። ልሞት ነው ብዬ ነበር። ደግሞ ያሰብኩት ምን እንደሆነ... ቀሚሱን ማን ይጨርሰዋል።

ነፍሴ መለስ ስትል ዶክተሯ ስለ ቡናማው ፓፍ ጠየቀችኝ። መሳቢያ ውስጥ አልኳት።

"ያወፈረሽ ክኒኑ ነው" አለች። "ቡናማው የተሰጠሽ ክኒኑ እንዳያስፈልግሽ ነበር።"

ከዚያስ ምን አዘዘችልኝ? ክኒን። ያንኑ ክኒን! ቆሽቴ አረረ። በማን ልናደድ? መሳቢያውን የከፈትኩት እኔ፣ የዘጋሁት እኔ።

ታናሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ቆየች። "ተቀምጠሽም ቢሆን እፈልግሻለሁ እኮ" አለችኝ።

ታኅሣሥ 14

የዶክተሯ ትእዛዝ፦ ቡናማው በየቀኑ። በእግር ከመሄዴ በፊት ሰማያዊው፣ ትንሽ መቆየት፣ አፍን በሻርፕ መሸፈን፣ ቀስ ብሎ መጀመር። እያወራሁ መሄድ ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ የማወራው ሰው ያስፈልገኛል። ሱቁን ስንዘጋ ከኮት ሰፊው ጋር እንሄዳለን። ጉልበቱን ያመዋል፣ እኔ ደግሞ ይሄው። ዛሬ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት አልፋን ሄደች። በገንኩ። እሱ ስለ ልጆቹ ያወራል፣ ምንም አልመሰለውም። ይሄም ስፖርት ተብሎ!

ቤት ስገባ ግን ደረቴ ዝም ብሏል።

ጥር 8

ቀሚሱ እምቢ አለ። ሚዛኑ ዝቅ ያለው ለምልክት ያህል ነው፤ ክኒኑ የሰጠኝን ገና አልመለስኩም። ስፌቱን ልልቀው ብል የሚለቀቅ የለም፣ ትርፍ የለውማ! ሥራ ቦታ፣ መኪናዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነው።

ኮት ሰፊው ቀሚሱን አገላብጦ አየው። "ደንበኛ ብትሆኚ ኖሮ ትከስሺን ነበር" አለኝ። ሳላስበው ሳቅኩ። ከዚያ ከኮት የተረፈ ጠቆር ያለ ጨርቅ አመጣና በሁለቱም ጎን አስገባንበት። ቅጥያው በደንብ ያስታውቃል። ያስታውቅ።

ጥር 25

ትናንት ታናሼን ዳርኩ።

የፓፉን ኪስ ከጎን ስፌቱ ሥር ልደብቀው ነበር። በኋላ ፊት ለፊት ሰፋሁት፣ እጄ ሳይፈልግ እንዲያገኘው። ደረጃው ሥር ቆሜ ሰማያዊውን ሳብኩ፤ እንግዳ ሁሉ እያየ። ታናሼ በዚያ ሁሉ ልብሷ አብራኝ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ስለ ጫማዋ እያማረረች፣ እኔም እየመለስኩላት ወጣን። መሀል ላይ አረፍን። አንድ ሰው ከኋላችን "ምን ሆኑ?" ሲል ሰማሁ። ተናደድኩ፣ ግን አልፈጠንኩም።

ላይ ስንደርስ ፎቶ አንሺው አስተካክሎ አቆመን። ካሜራውን ዝቅ አደረገና ኪሴን እያየ፣ "እሱን ነገር ቢያወጡት... ፎቶ ያበላሻል" አለ።

ታናሼ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ ደህና ነበር።

"አይወጣም፤ እንደዚሁ አንሳን" አልኩት። በአንድ ትንፋሽ።